በተሳሳተ በር የገባ ግጥም

ያልታሰበ ነገር በቀጠሮ ይመጣል ብሎ የሚያስተምር ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ሥልጠና ስለምጠላ አይደለም፤ ሻዩም ብስኩቱም ለኔም ይጥመኛል። ግን ከየወረዳው የባህል ክፍል የተሰበሰብን ሠላሳ ያህል ሰዎች ወልድያ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተኮልኩለን፣ አንድ ወጣት አሠልጣኝ ሁለት ቀን ሙሉ አዲስ ሐሳብን ስለመጋበዝ ነገረን። በየቀኑ አንድ ሰዓት ለድንገተኛ ነገር መድቡ አለን። ከዚያ ባለቀለም ቁርጥራጭ ወረቀት አደለንና በሚቀጥለው ሳምንት የሚያጋጥመንን ያልታሰበ ነገር እንድንጽፍ አዘዘን። አጠገቤ የተቀመጠው የቆቦው ማሲንቆ መቺ «ያልታሰበ ከሆነ እንዴት አስቤ ልጻፈው?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ ሳቀ። አሠልጣኙ ጥያቄውን በቢጫ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው፤ ሥልጠናውም ቀጠለ።

እኔ አልሳቅኩም። የኔ መሥሪያ ቤት ከዚህም የባሰ ነበርና። መርሳ ላይ በወረዳው የባህል ክፍል የምሠራው ለኪነት ቡድኑ የዘፈን ግጥምና አጫጭር ድራማ መጻፍ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ እንደ ሁሉም ሠራተኛ እቅድ እሞላለሁ። ከቅጹ መሐል «የሚመነጩ አዳዲስ ሐሳቦች ብዛት» የሚል ዓምድ አለ፤ በየሩብ ዓመቱ ተከፋፍሏል። አንድ ጊዜ ኃላፊዬ ጠርቶኝ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ «እህቴ፣ በዚህ ሩብ ዓመት ሦስት ሐሳብ ነበር ያቀድሽው። ሁለት ነው የመጣልሽ» አለኝ። ከሦስተኛው ጋር መንገድ ላይ ተላልፈን ይሆናል ብለው አልሳቀም። አፈጻጸምሽ ዝቅ ብሏል ብሎ ፈረመበት።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። እኔ ሐሳብ የማገኘው ከወልድያ መርሳ በምመላለስበት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ አላውቅም፤ ጆሮ የተሰጠኝ ለዚያ ነው። ሁለት ሴቶች ምራታቸውን ሲያሙ እሰማለሁ፤ ሾፌሩ ከረዳቱ ጋር ሲጨቃጨቅ እሰማለሁ፤ ሲሪንቃ ላይ መኪናው ሲቆም በመስኮት በቆሎ እሸት የምታቀብል ሴት ለገዢው የመለሰችለት መልስ ስንት ቀን አብሮኝ ይከርማል። ቢሮም ስገባ በሩን በድንጋይ ደግፌ ከፍቼ ነው የምውለው። የሚያልፈው ሰው ወሬ ይግባልኝ ብዬ ነው። ይህን ልማዴን እኮራበት ነበር። እነሱ በዓምድ ይጠብቁታል፣ እኔ በር ከፍቼ እጠብቀዋለሁ እያልኩ በልቤ እስቅባቸው ነበር።

ያን ሰሞን ግን ሳቄ ደርቆ ነበር። ለዞኑ የባህል ዝግጅት ሁለት ሳምንት ቀርቶናል። ቡድኑ በአምባሰል ቅኝት ደስ የሚል ዜማ አዘጋጅቷል፤ ግጥም የለውም። ግጥሙ የኔ ሥራ ነው፤ እኔ ደግሞ ነጥፌያለሁ። ልጆቹ ዜማውን በ«ላላ ላላ» ይለማመዳሉ፤ ኃላፊዬ በየጠዋቱ አንገቱን በበሩ አስግጎ «እህ?» ይለኛል። ወረቀቱ ላይ ያለው የሰረዝኩት ብቻ ነው። «ዐይኔ ተንከራተተ» ብዬ ጽፌ፣ ስንት ዘፋኝ ዐይኑን አንከራትቶ እንደጨረሰ ትዝ ሲለኝ በንዴት ድምጥማጡን አጥፍቼዋለሁ።

ሌላም የሚያናድድ ነገር ነበረ። ግቢው ሲታደስ ክፍል ተቀያየርን፤ እኛ የመስኖዎቹን ክፍል ወሰድን፣ እነሱ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሄዱ። የበሩ ሰሌዳ ግን እንዳለ ቀረ። «የመስኖ ውሃ አጠቃቀም» የሚል ሰሌዳ ሥር ቁጭ ብዬ የዘፈን ግጥም እጽፋለሁ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ፤ ሦስቴም «ይስተካከላል» ተብያለሁ። ባለጉዳዩ ቀን በቀን እየተሳሳተ ይገባል፤ እኛም «ቀጣዩ በር ነው» እንለዋለን፤ አመስግኖ ይወጣል። በሁለቱ ክፍሎች መሐል ያለው ግድግዳ ስስ ችፑድ ስለሆነ የመስኖው ባለሙያ ወንበሩን ሲጎትት ሳይቀር ይሰማኛል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው «እንዴት አደራችሁ፣ ቤቶች» አሉ። ቢሮው ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ረጅም ናቸው፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈዋል፤ ፕላስቲክ ጫማቸው አቧራ ጠጥቷል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይግቡ አባባ» አልኳቸው።

«ከግራና ወዲያ ነው የመጣሁ። የውሃው ተራ ዝርዝር ዛሬ ይዘጋል አሉኝ፤ የኔ ማሳ ተዘሏል። ሂድና ቃልህን ለወረዳ አስጽፍ አሉኝ። ዛሬን ካለፈ እስተ ክረምት ድረስ ውሃ አላገኝም፣ ልጄ።» ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ከሲሪንቃ መንገድ ዳር የገዛኋቸው የማንጎ ችግኞች አሉኝ፤ አርባ ናቸው። ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ይህን በጋ ውሃ ካጡ አለቀላቸው።»

ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ የማመካኝበት ቀዳዳ የለኝም። ቀጣዩ በር ነው ልላቸው እጄን ወደ ግድግዳው አነሳሁ። በዚያች ቅጽበት ሽማግሌው ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ ወደ ወለሉ እያዩ፣ እንዲህ አሉ፤

ውሃው በደጃፌ ሲያልፍ እሰማለሁ፣
ጎረቤቴ ጠግቦ እኔ እጠማለሁ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆፍሬ ያጣሁት ነገር ፕላስቲክ ጫማ አድርጎ ቢሮዬ ድረስ መጥቷል! ከዜማው ጋር ልክ ይገጥማል፤ በልቤ አዜምኩት፣ ገጠመ። ደስታዬ የልጅ ደስታ ነበር።

«ምን አሉ አባባ?»

«እህ፣ ምን እላለሁ ልጄ። እንጉርጉሮ ናት።»

«እስኪ ይድገሙልኝ። ኧረ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!»

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። አልዋሸኋቸውም። የመስኖ ባለሙያ ነኝ አላልኩም። ማን እንደሆንኩ አልተናገርኩም፤ ያደረግኩት ይኸው ነው። ከተናገርኩ ተነስተው ይሄዳሉ፤ ከሄዱ ደግሞ የግጥሙ ምንጭ ይደርቃል። ቀኑ ገና ነው፣ ሲጨርሱ እኔው ይዣቸው እሄዳለሁ፣ በሩ አሥር እርምጃ አይሞላም ብዬ ራሴን ደለልኩ።

ደብተሩን ሲያዩ ሽማግሌው ተለወጡ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሁሉ ቀስ ተብሎ፣ ተቆራርጦ የሚነገር ሆነ። አንድ ሐረግ ይሉና እስክሪብቶዬ እስኪቆም ይጠብቃሉ። እስክሪብቶዬ ሲቆም ይቀጥላሉ። በዳኛ ፊት ቃሉን የሚሰጥ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው። በአገራችን አንድ ትልቅ ሰው ጉዳዩን ገና ከደጅ አያፈርጠውም፤ ሰላምታ ይቀድማል፣ የዓመቱ ዝናብ ይወሳል፣ ነገሩ ከሥሩ ይነሳል፣ ግጥምም ጣል ይደረግበታል። ተቀመጥ ያለውን ሰው ደግሞ እቸኩላለሁ ብሎ አያቋርጥም። የሚጽፍ ሰው ካየ ቃሉ እየተያዘለት ነው ብሎ ያምናል። የወልድያ ልጅ ነኝ፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅኩም ተጠቀምኩበት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የመስኖው ቦይ ሲቆፈር እሳቸው የደቦው ግጥም አውጪ ነበሩ፤ ሌላው ይቀበላል፣ እሳቸው ያወጣሉ። ውሃውን ሲያከፋፍል የኖረው የውሃ አባት አረፈ። አዲሱ የውሃ አባት ዝርዝሩን የጻፈው ከላይኛው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን ቤቶች እየቆጠረ ነው። የሽማግሌው ቤት ከታች በኩል ከዛፎቹ ኋላ ስለሆነ አልታየውም፤ አለቀ። ክፋት የለበትም፤ ጥልም የለም። አንድ መስመር ጨምሮ የሚስተካከል ነገር ነው። የመስኖው ባለሙያ ሻዩን ሳይጨርስ ይፈታው ነበር። በችፑዱ ወዲያ ማዶ ወንበሩን ሲጎትት ሰማሁት።

እሳቸውም ቀጠሉ፤

ቦዩን ስንቆፍር ተቆጥሬ ከሰው፣
ውሃው ሲመጣማ ላቤን ማን አስታወሰው።

«ይቺንም ጻፍሻት?» አሉኝ።

«ጻፍኳት አባባ። ሌላስ?»

«ሌላስ» እያልኩ አሥር ጊዜ ጠየቅኳቸው። በየጊዜው አዲስ ነገር ወጣ። ከደቦው ግጥም ወደ ድርቁ ዘመን ሄዱ፤ ከዚያ ወደ ሟች ሚስታቸው፤ ከዚያ ተመልሰው ወደ ችግኞቹ። ሚስታቸው ሳይሞቱ ማንጎ አምሯቸው እንደነበር ነገሩኝ። እኔ እዚያ ላይ ዐይኔ እንባ አቀረረ፤ እጄ ግን መጻፉን አላቆመም። በጥሩ ጥሩው ስንኝ ጎን ኮከብ እያደረግኩ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲል ተነሱ። ዱላቸውን አነሱ፣ ቆብ እንዳለው ሰው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አደረጉና መረቁኝ። «ቃሌን ስለተቀበልሽኝ እግዜር ይቀበልሽ። ወረዳ ሰው የለም ሲሉ ነበር፤ አለ ለካ። ውለጂ ክበጂ።»

ያኔ ነው መናገር የነበረብኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት ይሄ ነው። ቃላቸውን እንዳስመዘገቡ ሆነው እየሄዱ መሆኑን አይቻለሁ። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው። «አሜን» አልኩ። ምርቃቱን ወሰድኩት። ባለሙያው ለምሳ ወጥቷል፣ ከሰዓት ሲመለስ እኔው እነግረዋለሁ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው። ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ ቀስ እያሉ ሲሄዱ ከኋላቸው አየሁ፤ ጭንቀት የወረደለት ሰው አካሄድ ነበር።

ከሰዓት ጻፍኩ። እንዲያ ጽፌ አላውቅም። «ማሳዬ» ያሉትን «ልቤ» አደረግኩት፤ ጎረቤታቸው ሌላ አፍቃሪ ሆነ፤ ውሃው ደግሞ በደጅ የምታልፍ ቆንጆ። ከሰው መጉደላቸውን፣ ሰው ሆነው ቆፍረው መረሳታቸውን፣ ወደ ፍቅር እንጉርጉሮ ገለበጥኩት። ኃላፊዬ መጥቶ አነበበውና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ልጆቹ በዚያው ተለማመዱት። በመሐል የቀጣዩ ክፍል በር ሲቆለፍ ሰምቻለሁ፤ የቁልፉ ድምፅ ተለይቶ ይታወቀኛል። «ትንሽ ቆይቼ» አልኩ። ጭራሽ ረስቼው ማታ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሲሪንቃ ላይ ስንቆም ትዝ አለኝ። ነገ ማለዳ አልኩ።

በማግሥቱ ብሄድ ባለሙያው ዝርዝሩን ይዞ ወደ ወልድያ ሄዷል። ክፍሉ ውስጥ የነበረችውን ጸሐፊ «የውሃው ዝርዝር ተዘጋ?» አልኳት። «ትናንት ማታ ተፈርሞ አለቀ። የቀረ ሰው ነበረሽ እንዴ?» አለችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኔ መጮህስ መች ጮኽኩ። «አይ፣ እንዲያው ነው» ብያት ወጣሁ። አቤቱታ ጽፌ ማስረዳት፣ ባለሙያውን ስልክ ደውሎ መለመን፣ ግራና ድረስ ወርዶ ሽማግሌውን ፈልጎ ማምጣት ይቻል ነበር። ዝግጅቱ ደረሰብን፣ ልምምድ ላይ ነኝ እያልኩ ነገ ዛሬ አልኩ። ከዚያ በኋላ ማፈር መጣ፤ ማፈር ደግሞ እግር ያስራል።

ወልድያ ላይ ዘፈኑ አዳራሹን አስነሳው። ሰዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ። በስልክ የቀዱት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ባጃጅ ውስጥ ሁሉ ይሰማ ነበር። እቅዴ ከመቶ በላይ ተፈጸመ ተባለልኝና የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ይባስ ብሎ ለሚቀጥለው ሥልጠና ተሞክሮ እንዳካፍል ተጠራሁ። ያው ሆቴል፣ ያው አዳራሽ፣ ያው አሠልጣኝ። መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ ሰሌዳው ተረትኩላቸው፣ አሳቅኳቸው፤ አንድ ሽማግሌ በር ተሳስተው ገብተው ያልታሰበ ሲሳይ እንዳመጡልኝ ተናገርኩ። «እኔ የምመክራችሁ በራችሁን ክፍት አድርጉ ነው» አልኩ። አጨበጨቡ። ከሠላሳ ሰው አንዱ እንኳ እጁን አውጥቶ «ሽማግሌውስ? የመጡበት ጉዳይ ምን ሆነ?» ብሎ አልጠየቀም። ለብዙ ጊዜ በዚያ ዝምታ ስናደድ ኖሬያለሁ። ሠላሳ የጥበብ ሰው ተሰብስቦ አንድ ጠያቂ ይጥፋ? ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ነው። ተራኪዋ ራሷ ጉዳዩን ቆርጣ ጥላው ነው መድረክ ላይ የወጣችው።

ዛሬም ስለ ፈጠራ የሚወራውን ሁሉ ስሰማ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። አጋጣሚ ከሰማይ የሚወርድ መና ይመስል «ጋብዙት» ይሉናል። አጋጣሚ ብዙ ጊዜ ሰው ነው። በእግሩ የመጣ፣ የራሱ ጉዳይ ያለው፣ ሰዓት የተቆረጠበት ሰው። ለኔ አጋጣሚ የሆነው ለሽማግሌው ቀጠሮ ነበር። እኔ በር ከፍቼ መጠበቄን እንደ ቸርነት እቆጥረው ነበር እንጂ፣ የገባው ሰው ምን ፈልጎ እንደገባ መጠየቅ ከሥራዬ አልቆጠርኩትም።

ግንቦት ላይ ለአንድ ድራማ ወሬ ልለቅም በገበያ ቀን ግራና ወረድኩ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሻይ ቤት ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ሽንኩርት የጫኑ አህዮች ሲያልፉ አያለሁ፤ «አገኘኋት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌው ናቸው። ከእሳቸው ጋር ሁለት እኩዮቻቸው አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ተነሳሁ። እሳቸው ግን ትከሻዬን ይዘው ሦስት ጊዜ ሳሙኝ።

«ቃሌን የጻፈችልኝ ልጅ ይቺ ናት» አሏቸው ለጓደኞቻቸው። ወደኔ ዞሩ። «ሰማሁት ልጄ። ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ አንዱ በስልኩ ከፈተው። ወልድያ ድረስ አደረስሽልኝ። በትልቅ አዳራሽ፣ ሹማምንቱ ሁሉ በተሰበሰቡበት ተሰማ አሉኝ።»

«አባባ…»

«ትንሽ ለወጥ ለወጥ አድርጋችሁታል። ልብ ምናምን ገብቶበታል። ግድ የለም፣ የመንግሥት አሠራር ይሆናል ብዬ ተውኩት። መልሱ ግን ዘገየብኝ።»

መልሱ! እኒህ ሰው እስካሁን መልስ እየጠበቁ ነው። ችግኞቹስ ብዬ ጠየቅኳቸው። በአህያ በጀሪካን ከወንዝ እያመላለሱ አሥራ አንዱን አትርፈዋል። ሌላው ደርቋል። ለምን ተመልሰው ወረዳ እንዳልሄዱ ስጠይቃቸው እንደ ልጅ አዩኝ።

«ቃሌ ተጽፎ የለም እንዴ? ተቀብለውህ ሳለ ደግሞ መጮህ አላመንኳችሁም ማለት ነው። ነውር ነው።»

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጓደኞቻቸው ቆመው እየሰሙ ሁሉንም ተናገርኩ። የገቡበት በር የመስኖ እንዳልነበረ፣ ሰሌዳው አሮጌ እንደነበረ፣ እኔ የዘፈን ግጥም ጸሐፊ እንደሆንኩ፣ የጻፍኩት ለዘፈን እንደነበር። እየተናገርኩ በራሴ ላይ የመጣብኝ ንዴት እንባ ሆኖ ወጣ፤ ያም አናደደኝ፤ የማለቅስበት መብት የኔ አልነበረም።

ሽማግሌው እስክጨርስ ሰሙኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ልፈልግ ብል አጣሁ። አንደኛው ጓደኛቸው «ውይ!» ብሎ ወደ ገበያው ዞረ።

«በሩ ያንቺ አልነበረም በይኛ» አሉ ሽማግሌው።

«አልነበረም።»

«ስገባ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዱላቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ። «እንግዲያ የሆነው ሆነ። የመጪው ዓመት ዝርዝር ከሰኞ ጀምሮ ይጻፋል ብለዋል። እንዳዲስ ከሥሩ ጀምሬ ለመናገር አሁን ጉልበት የለኝም። ያን ቀን ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነግሬሻለሁ፤ ስትጽፊም አይቻለሁ። ያን የጻፍሽውን ስጪኝና እኔው ለሚገባው ሰው አደርሰዋለሁ።»

ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም። አወጣሁና የዚያን ቀን ገጾች ገለጥኩ። ስምንት ገጽ። ከላይ ጀምሬ አየሁ፤ ወደ ታች አየሁ፤ ገልብጬ አየሁ። ስለ ውሃው አለ። ስለ ጎረቤት አለ። ስለ ሚስታቸው ማንጎ አለ፣ ሁለት ኮከብ ተደርጎበታል። ቀበሌያቸው የለም። ማሳቸው በየትኛው ቦይ በኩል እንደሆነ የለም። ችግኝ አርባ መሆኑ እንኳ የለም፤ ለግጥም አይመችም ብዬ ትቼው ነው። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። ሁለቱ ጓደኞቻቸው ደብተሩን እያዩ ነው።

«ስምዎን ማን ልበል፣ አባባ?» አልኳቸው።